እልል ያልንለት ኳስ

ጥፋቱ የኔ ነው። አሰልጣኙ ላይ፣ ንፋሱ ላይ፣ ሜዳውን እንደዚያ አድርጎ የሠራው ሰው ላይ ሁሉ ላላክክ ሞክሬያለሁ፤ አልሆነልኝም። የቤተ ክርስቲያናችንን ሰው ቤዝቦል ሜዳ ወስጄ እልል ማለት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልጠየቀኝም፣ በገዛ አፌ ነው።

ልጄ ለኮሌጁ ቤዝቦል ይጫወት ነበር። «ልጄ ኳስ ይጫወታል» ስል ሰው ሁሉ እግር ኳስ ይመስለውና «የት ክለብ ነው?» ይለኛል። ቤዝቦል ነው ስል ደግሞ ፊቱ ላይ ያለው ጉጉት ይጠፋል። አልፈርድባቸውም። እኔ ራሴ ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ ይዤው እየዞርኩ፣ ሕጉን አወቅሁ የምለው ይህችን ታህል ነው፦ አንዱ ይወረውራል፣ ልጄ በዱላ ይመታል። ከኋላ ሣሩ ላይ የቆሙት ሦስት ልጆች ኳሷን መሬት ሳትነካ ከቀለቧት አውት ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። መሬት ከነካች ይሮጣል፤ ኳሷ ከፊቱ ያለው ማዕዘን ላይ ቀድማው ከደረሰች ያም አውት ነው። አጥሩን ዘልላ ከወጣች ግን ሆም ረን ነው። ያኔ ማንም አይነካውም፣ አራቱን ማዕዘን እየተንጎራደደ ዞሮ ይገባል፣ ነጥብ ይቆጠርለታል። ለአንዲት እናት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋታል?

ኮሌጁ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ትንሽ ኮሌጅ ነው፤ ሜዳውም እንደዚያው ትንሽ። በተለይ በግራ በኩል ያለው አጥር ከመቅረቡ የተነሳ ከወዲያ ማዶ ባለው ፓርኪንግ ሎት መኪና የሚያቆመው እንግዳ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንግዳዋ እኔ ነበርኩ፤ ፓርክ አደረግኩና የፊት መስታወቴ ተሰነጠቀ። የመታው ማን ሆኖ ተገኘ መሰላችሁ? የራሴ ልጅ። እየተናደድኩ ደስ አለኝ። ባለቤቴ የትራክ ሹፌር ነው፣ ጨዋታ ባለ ቁጥር ኢንዲያና ነው የሚገኘው፤ ኮል አድርጌ ስነግረው «ኢንሹራንስ ይሸፍነዋል?» አለኝ። ኳሷ ስንት እንደተጓዘች አልጠየቀም፤ እስካሁን አልረሳሁለትም።

የልጄ ቡድን በሙሉ ግዙፍ ግዙፍ ነበር። አሰልጣኙ ሲመርጣቸው የበር ስፋት ለክቶ የመረጣቸው ይመስላል። ሲሮጡ ያሳዝናሉ። የኔውማ የሀበሻ ልጅ ነው ሲባል ሁሉም ሩጫ ይጠብቅበታል፤ ከቤት እስከ ፖስታ ሳጥን ደርሶ ሲመለስ እንኳ ያለከልካል። ሲመቱ ግን ማየት ነው። ኳሷ ጧ ትላለች፣ ወደ ሰማይ ትወጣለች፣ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ የአንድ ሰው መኪና ይጮኻል። በዚያ ሜዳ ላይ ማንም አይችላቸውም ነበር።

የመጨረሻ ዓመቱ ነው ብዬ ሚያዝያ ላይ ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ በኋላ ማስታወቂያ አስነገርኩ። የምንኖርበት ሬይኖልድስበርግ ያለው የኛ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሳደጉት ልጅ ነው። አራት ቫን ሙሉ ሰው መጣልኝ። እትዬ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ትልቋ እናት ከፊት ወንበር ተቀምጠው «አንቺ፣ እኛ መቼ ነው የምናጨበጭበው?» አሉኝ። «ቀላል ነው እትዬ፤ ኳሷ ወደ ላይ ስትወጣ እልል ይበሉ» አልኳቸው።

ልጄ ያን ቀን ሁለት መታ፣ ሁለቱም ወጡ። እትዬ እልል ሲሉ እኮ ዝም ብሎ እልልታ አይደለም፤ ያ ድምፅ ከየት እንደሚወጣ እኔ እንጃ፣ ሰውነታቸው እንዲህ ኮስማና ነው። ስልሳ ሰው ተከተላቸው። ፈረንጆቹ ወላጆች ዞረው አፋቸውን ከፍተው አዩን፤ በሚቀጥለው ሳምንት ግን «የናንተ ሰዎች ዛሬ ይመጣሉ?» እያሉ ይጠይቁኝ ጀመር። ተጫዋቾቹም ምላሳቸውን እያርገበገቡ ልልል ይላሉ፣ አያምርባቸውም። የኔ ደስታ ልክ አልነበረውም። እየመቱ፣ እልል እያልን፣ እየመቱ፣ እልል እያልን፣ ለሻምፒዮና ደረሱ።

ሻምፒዮናው ዳውንታውን ባለው በትልቁ ሜዳ ነው፤ በደመወዝ የሚጫወቱት ትልልቆቹ የሚጫወቱበት። ሁለት ጊዜ የተሸነፈ ቡድን ይሰናበታል ተባለ። አርብ ዕለት ሺፍቴን ቀይሬ፣ ለሁሉም ቲሸርት አሠርቼ፣ ስልሳውን ሰው ይዤ ገባሁ። ደረጃውን ወጥቼ ሜዳውን አየሁት። ሣሩ አያልቅም። አጥሩን በዓይኔ ፈልጌ ነው ያገኘሁት፤ ሩቅ ብቻ ሳይሆን እንደ ግንብ የረዘመ። ያኔ አንድ ነገር መጠርጠር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ፎቶ ማንሳት ላይ ነበርኩ።

ልጄ የመጀመሪያዋን መታ። ጧ አለች፣ ወጣች፣ እልልል። ወረደችና ከኋላ ከቆሙት አንዱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቀለባት። ሁለተኛዋን መታ፣ እልልል፣ ቀለቧት። ሦስተኛዋንም እንዲሁ። አጠገባችን የተቀመጡት የተጋጣሚው ቡድን ወላጆች ነበሩ፤ አንዲቱ ሴትዮ በጣም በትህትና ጠጋ ብላ «እናንተ የምትደግፉት እኛን ነው እንዴ?» አለችኝ። ደሜ ፈላ። ወደ ሰዎቼ ዞሬ «ቀጥሉ፣ እንዳታቆሙ» አልኳቸው። እልኸኛ ነኝ፣ ምን ይደረግ።

አራተኛዋን ከሁሉም አስበልጦ መታት። ከቡድናችን አንዱ ልጅ አንደኛው ማዕዘን ላይ ቆሞ ነበር፣ በአንድ ነጥብ እየተመራን ነበር፣ ኳሷ ስትነሳ እኔ ራሴ ከወንበሬ ተነስቼ ነበር። እልልታችን ያን ጊዜ መንገድ ማዶ ያለው የፓርኪንግ ሕንፃ ድረስ ተሰምቷል። ልጄም ሰማ። ዱላውን ጣል አድርጎ፣ እንደለመደው፣ ትከሻውን እያወዛወዘ ቀስ ብሎ መራመድ ጀመረ። ኳሷ ግንቡ አናት ላይ ነጥራ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ከኋላ ያለው ልጅ አንስቶ ወረወራት፣ የኔው ገና ሁለተኛው ማዕዘን ጋ እየተንጎራደደ ሳለ ኳሷ ቀድማው ደረሰች። አውት። ጓደኛውም መሀል መንገድ ላይ ተይዞ ወጣ። በዚያችው አንድ ነጥብ ተሸነፍን።

ማታ ልጄን በመኪናዬ ይዤው ተመለስኩ። ከሃይዌዩ ወደ ሰፈራችን ስንወጣ «ነገ ቤንች ነኝ» አለ በእንግሊዝኛው።

«ለምን?»

«ስላልሮጥኩ። ኮች ያልሮጠ ሰው አላጫውትም አለ።»

ከዚያ እሱ ራሱ «ሰማኋችሁ» አለኝ። «እናንተ እልል ስትሉ ወጥታለች ብዬ ነው፣ እማ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣም፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ እንዲሁ ነገረኝ። ነገ ከተሸነፉ አለቀ። ሰኔ ላይ ቢሮ ሥራ ይጀምራል፣ ለትልልቆቹ የሚወስደው የለም፣ እሱም ያውቀዋል። ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ የያዘውን ነገር ቤንች ላይ ተቀምጦ ሊሰናበተው ነው፤ ያስቀመጠችው ደግሞ እናቱ ናት። ያን ዕለት እራት አልበላሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ኢስትሙር ሰፈር ወደምሠራበት ቤት ሄድኩ። አንድ ሽማግሌ ነው የምንከባከበው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ በዎከር ምርኩዝ ተደግፎ የሚሄድ፣ ቤዝቦል በቴሌቪዥንም በሬዲዮም እኩል ከፍቶ የሚያዳምጥ። ጋሼ ነው የምላቸው። ትርጉሙን ነግሬያቸው ወደውታል፤ ከሌላዋ ተንከባካቢ ጋር ሲጣሉ «እኔ ጋሼ ነኝ» ይሏታል አሉ። ልብስ እያጠፍኩ የአርቡን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እልልታው ላይ ስደርስ መሳቅ ጀመሩ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ምን ያስቅዎታል? የልጄ ነገር እኮ ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ተቀይሜ ነበር።

«ካልሲ ስጪኝ» አሉ።

የተጠቀለለውን ካልሲ ሰጠኋቸው። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ወንበር ላይ አስቀምጭኝ አሉኝ፣ አስቀመጥኳቸው። ግቢና ቅለቢ አሉኝ፣ ገባሁ። ወደ ላይ ወረወሩት፤ ገና እጄን ሳልዘረጋ ካልሲው በጭንቅላቴ ላይ አልፎ ግድግዳውን መታ። «ሆም ረን» አሉ። ሦስቴ ወረወሩ፣ ሦስቴም ግድግዳ። ቀጥሎ ሳሎን ወሰድኳቸው። በዚያው ክንድ፣ በዚያው ከፍታ ወረወሩት፤ ካልሲው መሀል ላይ ወረደና እጄ ላይ አረፈ። ደገሙ፣ ቀለብኩ። ሠለሱ፣ በአንድ እጄ ቀለብኩ።

«ክንዴ ተለወጠ እንዴ?» አሉኝ።

«አልተለወጠም።»

«ታዲያ ምን ተለወጠ?»

«ቤቱ» አልኩ፣ ካልሲውን ይዤ እንደቆምኩ።

ከዚያ አስረዱኝ። በትንሹ ሜዳ ወርዋሪው ይፈራል፤ ትንሽ ከተሳሳተ ኳሷ አጥር ዘለለች ማለት ነው። ስለዚህ ዳር ዳሩን ይወረውራል፣ ይደክመዋል፣ ሲደክመው መሀል ላይ ይጥላታል፣ ያኔ እነልጅሽ ይቀጠቅጧታል። ትልቁ ሜዳ ላይ ግን ምን ያስፈራዋል? እንካ ምታ ይለዋል። ከኋላው ሦስት ሯጮች አሉት፣ ኳሷ ላይ ላዩን እስክትንከራተት ደርሰው ይጠብቋታል። ደግሞ እንደ አርቡ ብርድ ከሆነ ኳሷ እንደ ሐምሌ አትሄድም። ዓመቱን ሙሉ ወደ ላይ መምታት የለመደ ቡድን እዚያ ሲሄድ፣ የሚያምሩ አውቶችን ሲመታ ይውላል።

«ታዲያ ምን ያድርጉ?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ካልሲውን ዝቅ አድርገው በሶፋውና በጠረጴዛው መሀል ላኩት። በጣውላው ወለል ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ ቴሌቪዥኑ ሥር ገባ። «በይ አምጪው» አሉኝ። በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገብቼ አወጣሁት። ቀና ስል «ትልቅ ቤት ብዙ ባዶ ቦታ አለው» አሉኝ። «ሦስት ሰው አይሞላውም። ዝቅ አድርጎ ሰው የሌለበት ይምታና ይሩጥ።»

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ካልሲውን ጭምቅ አድርጌ ይዤ ለልጄ «ወደ ላይ አትምታ፣ ዝቅ አድርግና ሩጥ» ብዬ ቴክስት አደረግኩለት። እሺ ለማለት «ኬ» የምትል አንዲት ፊደል መለሰልኝ። በኋላ እንደሰማሁት አሰልጣኙም ሳምንቱን ሙሉ ይህንኑ ሲላቸው ነበር። ግን ስልሳ ሰው እልል ያለለት ልጅ አሰልጣኝ ይሰማል?

የቀረኝ የኔ ድርሻ ነበር። በቴሌግራም የቤተ ክርስቲያናችን ግሩፕ ላይ ድምፄን ቀድቼ ላክሁ፦ «ወገኖቼ፣ ዛሬ እልልታ የለም። ኳሷ ሰማይ ብትነካ እልል እንዳትሉ። ጭብጨባም የለም። እኔ እጄን ካላነሳሁ በስተቀር አንድም ሰው ድምፅ እንዳያሰማ።» አሜን፣ አሜን፣ አሜን እያለ ተደረደረ። አንዱ ወንድም «ለስንት ሰዓት ነው ጾሙ?» ብሎ ጻፈ። እትዬ ግን ኮል አደረጉልኝ። «ልጄ፣ እኔ እልል ማለት እንጂ አለማለት የሚያስተምረኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» አሉኝ። «ለልጁ ብዬ ነው የምታገሥሽ።»

ጨዋታው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ልጄ ቤንች ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ከላይ ኮፍያው ብቻ ይታየኛል። ጓደኞቹ ይመታሉ። ጧ፣ ወደ ላይ፣ መቀለብ። ጧ፣ ወደ ላይ፣ መቀለብ። አሁን ሁሉም ነገር እንደ ጋሼ ሳሎን ሆኖ ታየኝ፤ ወርዋሪው ሳይጨነቅ መሀል ለመሀል ይወረውርላቸዋል፣ ሣሩ ላይ ያሉት ደግሞ ሰዓታቸውን አይተው ነው የሚደርሱት። ስልሳው ሰው ጭጭ ብሏል። የተጋጣሚው ወላጆች ለቅሶ ቤት የመጣን ነው የመሰላቸው። ያቺ የትናንቷ ሴትዮ ዛሬ «ደህና ናችሁ?» አለችኝ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልገላገል፤ ዋንጫውን አልወሰድንም። ያን ቀን አሸነፍን፣ በማግስቱ እሁድ ተሸነፍን፣ እሁድ ደግሞ ልጄ አልተጫወተም፣ እግሩን አሞት ነበር። እግሩን ለምን እንዳመመው ነው የማወራችሁ።

ጨዋታው ወደ ማለቁ ደርሶ ነበር። ሁለት ለአንድ እየተመራን ነው፣ አንድ ልጅ የመጀመሪያው ማዕዘን ላይ ቆሟል፣ ሁለት ሰው አውት ሆኗል። ሦስተኛው አውት ከሆነ ተራችን ያበቃል፣ ከዚያ ጨዋታው ሊዘጋ ትንሽ ነው የሚቀረው። አሰልጣኙ ቤንቹ ጋ ሄዶ በጣቱ ጠራው። ልጄ ተነሳ፣ ዱላ መረጠ፣ ወጣ። እትዬ እጄን ያዙኝ፣ አልለቀቁኝም።

ሊመታ ቆሞ ወደኛ ዞረ። ፈለገን። ስልሳ ሰው አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሶ እያየው ነው፣ ትንፍሽ የሚል የለም። ምን ሆኑ ሳይል አይቀርም። ልጄ ከዱኝ ብሎ እንዳያስብ ፈራሁ። ግን እጄን አላነሳሁም።

የመጀመሪያዋን ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ሰንዝሮ ሳታት። «ኧረ ዝቅ» አልኩ በጥርሴ መሀል። ሁለተኛዋን ከላይ ከላይ መትቶ ከሜዳው ውጭ ወደ ሰው ላካት። ሦስት ሙከራ ነው ያለው፤ አንድ ብቻ ቀረችው። ያኔ ወጣ ብሎ ጓንቱን አጠበቀ፣ ዱላውን ትንሽ ከፍ አድርጎ ከመሀሉ ያዘው፣ ተመለሰ። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ሲይዘው አይቼ አላውቅም።

የዚህችኛዋ ድምፅ ጧ አይደለም። ጠብ ነው የሚለው፣ አጭር። ኳሷ በሰው ቁመት ልክ ሄደች፣ በሁለቱ ልጆች መሀል። አንደኛው ተወርውሮ እጁን ዘረጋ፣ አልደረሰባትም፣ ደረቱ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። ኳሷም ያን የማያልቅ ሣር ተያያዘችው። ሄደች፣ ሄደች፣ እዚያ ማዶ ግንቡ ሥር ገባች። ሁለተኛው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ይሮጣል፣ አሁንም ይሮጣል፣ ገና አልደረሰም።

የኔ ልጅም ይሮጣል። ማንም አበቃ ስላላለው ይሮጣል። አንደኛውን ማዕዘን ሲያልፍ ኮፍያው ወደቀ። ሁለተኛውን ሲያልፍ ፊቱ ቀልቷል፣ አፉ ተከፍቷል፣ ያ ሁሉ ሰውነት እየተንገዳገደ። ጓደኛው ገባ፣ እኩል ሆንን። ይቆማል ብዬ ነበር፤ ሦስተኛው ማዕዘን ጋ የቆመው የኛ ረዳት አሰልጣኝ እጁን እያሽከረከረ ቀጥል ይለዋል፣ ኳሷ ገና አሁን እየተወረወረች ነው። ቀጠለ። እኔ እየጸለይኩ ይሁን እየተሳደብኩ አላውቅም። ኳሷና እሱ እኩል ወደ መነሻው ማዕዘን ይመጣሉ። እሱ በሆዱ ተወረወረ፣ አቧራው ተነሳ፣ እግሩ የታጠፈውም ያኔ ነው። ዳኛው ሁለት እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ገብቷል። አጥር ሳትዘል ሆም ረን ሆነች፣ በእግሩ።

የኛ አካባቢ ግን ጸጥ እንዳለ ነው። ስልሳ ሰው አፉን በእጁ ይዞ፣ እንባ በእንባ ሆኖ፣ እኔን ያያል። ልጄ አቧራው ላይ በጉልበቱ ተነስቶ ወደኛ ያያል፤ ትንፋሹ ተቆርጦ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል። እኔ ደርቄ ቀርቻለሁ። እትዬ የያዙትን እጄን ጨበጥ አድርገው «አንቺ ሴትዮ፣ ልጁ እኮ ይጠብቃል» አሉኝና ራሳቸው ወደ ላይ አነሱልኝ። የእልልታው ጩኸት ከእግሬ ሥር ወለሉን አናወጠው። ልጄ ሰምቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል ድምፅ ያልወጣኝ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አፌን ከፍቼ ሞከርኩ፣ ሞከርኩ፣ እልልታዬ እንባ ሆኖብኝ ቀረ።